ኮሎምበስ አሜሪካን «አገኘ» ወይስ «ደረሰባት»?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትማራለች። ሰሞኑን ስለ ኮሎምበስ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ኑ ተብለው፣ «ኮሎምበስ አሜሪካን አገኘ» ብለሽ ጀምሪ አልኳት። «እማ፣ ሰው እየኖረበት እንዴት አገኘ ይባላል?» ብላ አፋጠጠችኝ። መልስ አጣሁ። በአማርኛ ምን ማለት ይሻላል? «አሳሽ» የሚለው ቃልስ ከየት መጣ?

መልስ፦ ልጅዎ ጥሩ አድርጋ ይዛዎታለች። እኔ ግን መጀመሪያ ለ«አገኘ» ጥብቅና ልቁም፤ ያለ ጥፋቱ ነው የሚወቀሰው።

«ትናንት ፒያሳ ጓደኛዬን አገኘሁት» ብል፣ ጓደኛዬ ጠፍቶ ነበር ማለቴ አይደለም። ሥራ አገኘሁ፣ ደውዬ አገኘኋት፣ ታክሲ አገኘን እንላለን። የኛ «አገኘ» ዓይን ለዓይን መተያየትንም፣ እጅ ማስገባትንም ይይዛል። ነገሩን ከዚያ በፊት ማንም አያውቀውም ነበር የሚል ሐሳብ ግን በውስጡ የለም። እሱን የሚያመጡት አጃቢዎቹ ናቸው፤ «ለመጀመሪያ ጊዜ»፣ «ማንም የማያውቀውን» የሚሉት። እነሱን አውጡና ቃሉ ነጻ ይወጣል።

አጃቢዎቹ ሲገቡ ምን እንደሚመስል ከቅርብ እንይ። ስለ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ «ጀምስ ብሩስ የአባይን ምንጭ ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘ» ሲባል ሰምተው ይሆናል። ብሩስ ምንጩ ካለበት ከግሽ የደረሰው በ1770 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያንብቡልኝ)። ስፔናዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እዚያው ቦታ ቆሞ አይቶታል። ስለዚህ ከአውሮፓውያን መካከል እንኳ የመጀመሪያው አይደለም። ለአካባቢው ለሰከላ ሰው ደግሞ ውሃው ጸበሉ ነው። ፈረንጅ አገኘው ቢሉት «ማን ጥሎት?» ይልዎታል።

«ተገኘ» ላይ ሲደርስ ነገሩ ያስቃል። «አሜሪካ በ1492 ተገኘች» ብላችሁ ጻፉና ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት። ስብሰባ ላይ የተገኘች አይመስልም? «ክቡር እንግዳው በሥፍራው ተገኝተዋል» እንደምንለው።

እኔ የምመርጠው «ደረሰ»ን ነው። ሰውየው ያደረገው ይኸው ነውና። ኦገስት 3 ቀን 1492 በሦስት መርከቦች ከስፔኗ ፓሎስ ተነሳ። ኦክቶበር 12 ከአንዲት ደሴት ደረሰ። ደሴቲቱ ስም ነበራት፤ ጓናሃኒ ትባላለች። ባለቤቶቿም ታይኖዎች ነበሩ። እሱ ሳን ሳልቫዶር አላት። እስያ የደረሰ መስሎት ሰዎቹን ሕንዶች ብሎ ጠራቸው፤ እኛም ዛሬ ድረስ «ቀይ ሕንዶች» የምንለው ከዚያ ስህተት ተርፎን ነው። ልጅዎ ይህን አትጻፍ። «አገሬው» የሚል ያማረ ቃል እያለን የኮሎምበስን ስህተት ምን አስቀጠለን?

የቋንቋ ሰው ነኝና ይህችን ሳልነግርዎ አላልፍም። ኮሎምበስ አስተርጓሚ ይዞ ነበር። ሉዊስ ደ ቶሬስ ይባላል። ዕብራይስጥ፣ አራማይክና ዐረብኛ ይችላል ተብሎ ነው የተወሰደው። ኩባ ላይ ወደ መሀል አገር ተላከ። አንዱም ቋንቋ አልጠቀመው።

ወደ «ደረሰ» ልመለስ። «በ» ሲጨመርበት ቃሉ ይከብዳል። «ፖሊስ ምሥጢሩን ደረሰበት» ይባላል፤ «አደጋ ደረሰባቸው»ም ይባላል። ስለዚህ «ኮሎምበስ አሜሪካን ደረሰባት» ቢሉ፣ አንዱ ሰሚ አወቃት ብሎ ይረዳዋል፣ ሌላው ጉድ አመጣባት ብሎ። «አገኘ»ም ብትሆን ይህ ጠባይ አለባት። ልጅ ፊቱን አጥቁሮ ቤት ሲገባ እናቱ «ምን አገኘህ?» ትለዋለች። ብር አገኘህ ወይ ማለቷ አይደለም። ታይኖዎቹ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ በበሽታና በግዳጅ ሥራ አለቁ። ኮሎምበስ አገኛቸው ሲባል አማርኛችን ሳያስበው ሁለቱንም ተናግሯል።

«ፈለሰፈ» እዚህ ቦታ የለውም። እሱ ለመሣሪያና ለሐሳብ ነው።

አሁን «አሳሽ»። ሥሩ «አሰሰ» ነው። ቃሉን ለማየት እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ይግቡ። ምጣዱ ሲግል ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፤ ከዚያ በጨርቅ ይታሰሳል። ጨርቁ ማሰሻ ነው። እጇ ከመሀል ተነስቶ እየዞረ ጠርዙን ሁሉ ያዳርሳል፤ ያልተነካ ቦታ ከቀረ እንጀራው እዚያ ጋ ይይዛል። ወታደር ጫካ ሲያስስም እንደዚያው ነው፣ ጥግ ከጥግ። አሳሽ ማለት እንግዲህ ቦታ ሳይዘል የሚያዳርስ ሰው ነው። ዛሬ ኢንተርኔት የምንከፍትበትንም «አሳሽ» ብለነዋል።

በዚህ ሚዛን ኮሎምበስ አሳሽ ለመባል ትንሽ ይቀረዋል እላለሁ። በ1769 እና 1770 የኒውዚላንድን ዳርቻ ዙሪያውን እየተከተለ ካርታ ያነሳው ጀምስ ኩክ ለማሰሻዋ ይቀርባል። ኮሎምበስ ጎበዝ ባሕረኛና ባለ ውል ሰው ነበር። ከስፔን ነገሥታት ከፈርዲናንድና ከኢዛቤላ ጋር ሲዋዋል ከሚገኘው ሀብት አንድ አሥረኛው የእሱ እንዲሆን አስጽፏል። «ከሚገኘው» የምትለዋ ቃል እዚያ ቦታዋ ነው፣ ማንም አይከራከራትም።

ቫስኮ ደ ጋማም ላይ ይኸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ወደ ሕንድ የሚወስደውን የባሕር መንገድ አገኘ» ከማለት «ከአውሮፓ» የምትል ቃል ጨምሩ። ከምሥራቅ አፍሪካዋ ማሊንዲ ተነስቶ በ1498 ሕንድ ካሊኬት የገባው እኮ መንገዱን በሚያውቅ ሰው እየተመራ ነው። «ማጄላን ዓለምን ዞረ» የሚለው ደግሞ የቋንቋ ሳይሆን የታሪክ ስህተት ነው። በ1521 ፊሊፒንስ ውስጥ ተገድሏል። ዙሩን ጨርሶ በ1522 ስፔን የገባው አብሮት የተነሳው ኤልካኖ ነው፣ ከጥቂት ሰዎች ጋር።

ለልጅዎ መጀመሪያ የምትሆን ዓረፍተ ነገር ይኸውና፦ «ኮሎምበስ በ1492 እስያ እሄዳለሁ ብሎ ተነስቶ፣ ታይኖዎች ከሚኖሩባት ጓናሃኒ ደሴት ደረሰ።» መምህሯ «አገኘ» ይግባ ካሉ ይግባ፤ «ለመጀመሪያ ጊዜ»ን ግን አታስጠጋው። ገጹ ካልሞላላት ስለ በቆሎ ትጨምርበት። በቆሎ የመጣው ከዚያው ከአሜሪካ ነው። ወደ እኛ ሲደርስ ማን አገኘው ብሎ የጠየቀ የለም፤ በየት እንደመጣ አይተው «የባሕር ማሽላ» አሉት።