ለቤት ለቤት የኢንተርኔት እገዛ ገንዘብ ስትጠይቁ

«የእድራችን ወጣቶች ኑሮ የከበዳቸው ጎረቤቶቻችን በአቅማቸው ኢንተርኔት እንዲጠቀሙ ቤት ለቤት ዞረን ልንቀሰቅስ ነው። አሜሪካ ያለ ዘመዳችን እዚያ መንግሥት ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ገንዘብ ሰጥቶ ነበር አለን። እኛ ከማን እንጠይቅ? በጀቱስ ምን ይምሰል?» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድሜ፣ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከሰፈራችን እድር ጋር ይህንኑ ሥራ ስምንት ወር ሠርተናል።

መጀመሪያ ስለ አሜሪካው። ዘመድህ ያለው እውነት ነው። በፈረንጆቹ 2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ ለኢንተርኔት ክፍያ ድጎማ 14.2 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ቤተሰብ ከኢንተርኔት ክፍያው ላይ በወር እስከ 30 ዶላር ይቀነስለት ነበር። ግን ቅናሹ ስላለ ብቻ ሰው አልተመዘገበም። ስለዚህ ወሬውን ለሚያደርሱና ሰውን ለሚያስመዘግቡ ማኅበራት፣ ቤተ መጻሕፍትና የአካባቢ አስተዳደሮች እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ እርዳታ ተፈቀደ። ከ23 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ ተመዘገበ። ከዚያ ገንዘቡ አለቀ። በየካቲት 2024 ምዝገባው ተዘጋ፤ ሰኔ ሲገባ ድጎማው ቆመ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቤት ድረስ የሚሄድ ሰው ራሱን የቻለ በጀት ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ በእርዳታ ብር የምትከፍሉለት ጥቅል ካለ፣ የሚያልቅበትን ቀን ከመጀመሪያው ቀን ንገሩ።

አሁን ወደ እኛ። የመጀመሪያውን ብር ያወጣነው ለባነር፣ ለበራሪ ወረቀትና ለአዳራሽ ስብሰባ ነው። ሰባ የሚሆን ሰው መጣ፤ ተጨበጨበ፤ ተበተነ። በወሩ ስንጠይቅ አንድ ነገር የጀመሩት አራት ብቻ ናቸው። እኔን በጣም ቆጨኝ።

ነገሩ የገባኝ ከአንዲት እናት ነው። ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ሽሮ ይሸጣሉ። የሰጠናቸውን ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሱቄ ድረስ መጡ። ፈቱና «እስቲ ምን እንደሚል አንብብልኝ ልጄ» አሉኝ። ልጃቸው የሰጣቸው ስማርት ስልክ አላቸው፤ ዳታውን ግን ነክተውት አያውቁም። «ኢንተርኔት ካርድ ይበላል» አሉ። እውነታቸውን ነው። አንድ ጊዜ የልጅ ልጃቸው ዳታውን አብርታ ጥቅል ሳይገዛ አደረ። ጠዋት 50 ብር የሞሉት ካርድ ባዶ ሆኖ አገኙት። ለእሳቸው 50 ብር ማለት የሁለት ቀን ትርፍ ነው።

ስልኩን አብረን ስናየው ሲሙ ድሮ ግቢያቸው በነበረ ተከራይ ስም ነው። ፋይዳ አላወጡም። ስለዚህ መጀመሪያ ለፋይዳ ወሰድናቸው። ከዚያ በራሳቸው ስም ሲም አወጡ። ከዚያ ደግሞ ቁጭ ብለን ጥቅል እንዴት እንደሚገዛ፣ ሲያልቅ ዳታ እንዴት እንደሚጠፋ ደጋግመን አየን። ጠቅላላ ሁለት ምልልስና አራት ሰዓት ያህል ፈጀ። አሁን የልጅ ልጃቸው የ12ኛ ክፍል የድሮ ፈተናዎችን በቴሌግራም አውርዳ እዚያው ስልክ ላይ ታጠናለች። ያ በራሪ ወረቀት ይህን ሁሉ ሊሠራ አይችልም ነበር።

የምነግርህ ዋናው ነገር ይኸው ነው። ገንዘብ ስትጠይቁ ለሰው ሰዓት ጠይቁ። ከ100 ብር 60ውን ለረዳቶች የቀን አበልና ለባጃጅ አድርጉት። 15ቱ ለመለማመጃ ጥቅልና አንድ ሁለት ለማሳያ የሚሆን ስልክ ይሁን። 10 ለሥልጠና፣ 10 ለመዝገብና ለክትትል ስልክ፣ 5 ለኅትመት። ለአንድ ቤት ቢያንስ ሁለት ጉብኝትና አንድ የስልክ ጥሪ አስቡ። «ወጣት ነው፣ በነፃ ይሥራ» የሚል ለጋሽ ይገጥማችኋል። እኛ በነፃ ጀምረን በሦስተኛው ወር ከአሥር ልጆች ሦስት ቀሩን። ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፤ እነሱም ምሳ ይበላሉ።

ስለ ሕጉ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 እድርና እቁብን አይመለከትም። ይህ ለእድራችሁ ኑሮ ጥሩ ነው፤ ገንዘብ ስትጠይቁ ግን የምዝገባ ምስክር ወረቀት አምጡ ትባላላችሁ። ስለዚህ ከተመዘገበ የአካባቢ ማኅበር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት ተፈራርማችሁ በእሱ በኩል ግቡ። በዚሁ አዋጅ መሠረት ለሕዝብ ጥቅም የቆመ ድርጅት ለአስተዳደር ከገቢው ከ20 ከመቶ በላይ ማውጣት አይችልም። የረዳቶቹ አበል ግን ሥራው ራሱ ነው። የፕሮጀክት ወጪ ብላችሁ በግልጽ ጻፉት። በአስተዳደር ስር ከጻፋችሁት እጃችሁን ራሳችሁ አሰራችሁ።

ከማን? ከቅርብ ጀምሩ። እድሩ ትንሽም ቢሆን ይስጥ፤ ሌላው ለጋሽ የሚያየው እሱን ነው። ውጭ ያሉ የጎንደር ልጆች ለእንዲህ ያለ ሥራ እጃቸው አያጥርም፣ ግን ፎቶና ደረሰኝ በየወሩ ይፈልጋሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን አትርሱ። ከ1947 ጀምሮ፣ የጤና ኮሌጅ ከነበረበት ጊዜ አንስቶ፣ ተማሪዎችን ወደ ማኅበረሰቡ የመላክ ልምድ አለው። ገንዘብ ባይሰጣችሁ ተማሪ ይሰጣችኋል።

የቴሌኮም ኩባንያዎችን ሥልጠናና የሚያስረዳ ባለሙያ ጠይቁ። ኮሚሽን ግን አትቀበሉ። አንድ ሲም ሻጭ በእያንዳንዱ ሲም ልክፈላችሁ ብሎን ነበር። እምቢ አልን። ጎረቤትህ አንተ ከእሱ ሲም ገንዘብ እንደምታገኝ ካወቀ ምክርህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስታወቂያ ነው።

«አቅም ያገናዘበ» የሚለውንም በቁጥር አስቀምጡት። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን አነስተኛው የኢንተርኔት ጥቅል ዋጋ ከአንድ ሰው አማካይ ወርኃዊ ገቢ 2 ከመቶ አይለፍ ይላል። እኛ አማካዩን ትተን የቤቱን ገቢ ወሰድን። በወር 6,000 ብር የሚያገኝ ቤት 120 ብር ማለት ነው። ከዚያ በላይ የሚያስወጣ ምክር አንሰጥም አልን።

ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ደግሞ አንድ ዋይፋይ መጋራት ከሁሉም ይረክሳል። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ጠቡም እዚሁ ነው። አንዱ ቤት ቀንና ሌሊት ቪዲዮ ያያል፣ ሌላው ለልጁ ትምህርት ብቻ ይከፍታል፣ ክፍያው እኩል ነው። አንዱ ሳይከፍል ቤት ይለቃል። መጀመሪያ አከራዩን ወይም አከራይዋን አስፈቅዱ፤ መብራቱም የእነሱ ነው። ከዚያ እንደ እቁብ አንድ ዳኛ ምረጡ። ገንዘቡ ወሩ ሳይገባ ይሰብሰብ። የወጣ ሰው ሲኖር የይለፍ ቃሉ ያኑ ዕለት ይቀየር። ይህን በአንድ ገጽ አስፍራችሁ አስፈርሙ። አራት አባወራ ያለበት ግቢ በዚህ መንገድ ጀምሮ እስካሁን ሳይጣላ ቀጥሏል። ያለ ጽሑፍ የጀመሩት ሁለት ግቢዎች በወር ተኩል ፈረሱ።

ለረዳቶቻችሁ አንድ የማይጣስ ደንብ አውጡ። ስልኩ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም። እጁን እየመራችሁ አሳዩት እንጂ እናንተ አትጫኑለት። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥር ሲገባ ረዳቱ ፊቱን ያዞራል። አንድ እናት ብሯ ከጠፋባት፣ ባትወስዱትም ሰፈሩ እናንተን ነው የሚጠረጥረው።

«ቅስቀሳ» የሚለውን ቃልም ተዉት። ጎንደር ውስጥ በር አንኳኩቶ ቅስቀሳ ያለን ሰው ቡና የሚያፈላለት የለም። እገዛ በሉት፤ ከእድሩ ጸሐፊ ጋር ግቡ።

ከለጋሹ ጋር በምትዋዋሉት ውል ውስጥ የጊዜ ማራዘሚያ አንቀጽ አስገቡ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት መጥፋቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። እንዲያ ያለ ነገር ቢመጣ ቀኑ እንዳይቆጠርባችሁ።

ለጋሹ ስንት ቤት ደረሳችሁ ብሎ ይጠይቃል። እናንተ ሌላም ቁጥር ስጡት፤ ከሦስት ወር በኋላ ስንቱ አሁንም ይጠቀማል? እኛ ይህን መቁጠር የጀመርነው በአምስተኛው ወር ነው፤ በመጀመሪያው ቢሆን ኖሮ ያንን ሁሉ ባነር አናሠራም ነበር።

የምንሞላው ቅጽ አንድ ገጽ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ሲሙ በማን ስም ነው?» ይላል። ኮፒውን በውስጥ መስመር እልክልሃለሁ። የእድራችሁን ሊቀ መንበር ይዘህ ብትመጣ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ ሱቅ ነኝ፤ በጀቱን አብረን እንጻፈው።