ሽንቱ ላይ ካልሲየም የበዛበት ልጅ ወተት ይቁምበት ወይ?

እህቴ፣ «የ6 ዓመት ልጄ ሽንቱ ላይ ካልሲየም በዝቷል አሉኝ፣ ወተት ላቁምበት?» ላልሽው፣ እባክሽ እንዳታቆሚ። እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት እሱኑ ነበር፤ ሐኪሟ ስትሰማ ተቆጣችኝ። ካልሲየም ሲያጣ አጥንቱ ይጎዳል፣ ከምግብ የሚገባው ኦክሳሌትም (ከካልሲየም ጋር ተጣብቆ ጠጠር የሚሠራው ነገር) ይጨምርና የኩላሊት ጠጠሩን ያብሰዋል።

የኔ ልጅ ያኔ 5 ዓመቱ ነበር። ሽንቱ ኮካ መሰለ፣ ሲሸና ያቃጥለዋል፣ ትቶት የነበረው አልጋ ላይ መሽናትም ተመለሰ። ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ሁለቴ አንቲባዮቲክ ወሰደ፤ ካልቸሩ (ሽንቱ ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩ የሚታይበት ምርመራ) ግን ባዶ ነበር። በኋላ እዚህ ሜሪላንድ የልጆች ኩላሊት ሐኪም የ24 ሰዓት ሽንት አዘዘችልን። የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ትደፊያለሽ፤ ከዚያ እስከ ማግስቱ ጠዋት፣ የማግስቱን የመጀመሪያ ጨምሮ፣ አንድም ሳይቀር ታጠራቅሚያለሽ። ጀሪካኑ ፍሪጅ ውስጥ ከሊጡ ጎን አደረ። ባለቤቴ ጭማቂ መስሎት ብርጭቆ ይዞ ሲመጣ ነው የደረስኩበት!

የሽንት ካልሲየም ልኩ በቀን በኪሎ እስከ 4 ሚሊግራም ነው። የኔው 18 ኪሎ ስለነበር ከ72 ማለፍ አልነበረበትም፤ 118 ወጣ። ያንቺ ልጅ ሽንት አንዴ ብቻ ሰጥቶ ካልሲየሙ ከክሬያቲኒን (ሰውነት በሽንት ከሚያስወግደው ቆሻሻ አንዱ) ጋር ተነጻጽሮ ከሆነ፣ በሱ ዕድሜ ከ0.2 በላይ ሲሆን ነው በዛ የሚባለው፤ ያም ቢሆን ይደገም።

አብዛኛውን ጊዜ በዘር የሚመጣ ነው፣ ሌላ ምክንያት አይገኝለትም። የኛም አባቱ ጠጠር ነበረበት። ግን ቫይታሚን ዲ ሲበዛ፣ ፉሮሴማይድ የሚባለው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት፣ ሳይንቀሳቀሱ ረጅም ጊዜ አልጋ ላይ መቆየት፣ የፓራታይሮይድ ዕጢ (አንገት ላይ ያለ፣ የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠር) ከልክ በላይ መሥራት ወይም ኩላሊት አሲድ በደንብ አለማስወጣቱም ያመጡታል። የደም ምርመራና አልትራሳውንድ የሚታዘዘው ለዚህ ነው። የቫይታሚን ዲ ጠብታ የምትሰጪው ከሆነ ጠርሙሱን ይዘሽ ሂጂና አሳዪ።

ዋናው ጠላት ጨው ነው። ኩላሊት ሶዲየም ሲያስወጣ ካልሲየሙም አብሮ ይወጣል። ቺፕስ፣ ኖድልስና የሾርባ ኩብ ከቤት አስወጣሁ። የከበደኝ እናቴ ናት፤ «አልጫ አልጫ ያለ ወጥ ለልጅ!» እያለች ዞር ስል ትነሰንሳለች። ውኃም በደንብ እንዲጠጣ አደረግኩ፤ ትምህርት ቤትም ይዞ ይሄዳል፣ ማታ ከመተኛቱ በፊትም ይጠጣል። ከ5 ወር በኋላ ሲለካ ከ4 በታች ወረደ፣ መድኃኒት አላስፈለገውም። ካልወረደ ሐኪሙ ፖታሲየም ሲትሬት ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሊያዝ ይችላል፤ ሁለተኛው የደም ፖታሲየምን ስለሚያወርድ ክትትል ይፈልጋል።

ትኩሳት ከጎን ሕመም ጋር ከመጣ ወይም ሽንት እምቢ ካለው ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ድንገተኛ ውሰጂው። ለመሆኑ ቁጥሩ ስንት ነው የወጣው?