አልቶዎች ወደ ሶፕራኖ ዜማ ሲሳቡ

በመዘምራንህ ውስጥ አልቶዎቹ (ዝቅ ያለውን የሴት ድምፅ የሚዘምሩት) ለብቻቸው ሲሆኑ በትክክል ዘምረው ከሶፕራኖ (ከከፍተኛው የሴት ድምፅ) ጋር ሲገጥሙ ዜማቸው የሚጠፋቸው፣ ክፍላቸውን ከሌላው ጋር ሳያያይዙ ስላጠኑት ነው። የሀንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ የኮዳይ የእጅ ምልክት (እያንዳንዱን ድምፅ በእጅ ቅርፅ ማሳየት) ይረዳል ወይ ላልከው፣ አዎ፣ በሁለት እጅ ካሠራኸው። (የኮዳይ ይባል እንጂ መነሻው የእንግሊዛዊው ጆን ከርወን ነው።)

1. መጀመሪያ ግጥሙን ተወውና በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ብቻ አዘምራቸው። እነዚህ አምስቱ የትዝታ ሜጀር ድምፆች ስለሆኑ ጆሯቸው ያውቃቸዋል፤ ግማሽ ድምፅ (በኪቦርድ ላይ በጣም የሚቀራረቡት የሁለት ቁልፎች ርቀት) ስለሌለባቸውም ማስተካከሉ ይቀላል።

2. ግራ እጅህ ለአልቶ፣ ቀኝ እጅህ ለሶፕራኖ ይሁን። ዶ ወገብህ አጠገብ የተጨበጠ እጅ ነው፤ ሚ ደረትህ ላይ መዳፉ ወደ መሬት የተዘረጋ፤ ሶ መዳፉ ወደ አንተ ዞሮ አውራ ጣቱ ወደ ላይ።

3. አልቶ ዶን ይዞ ይቆይ፤ ሶፕራኖ ወደ ሚ፣ ከዚያ ወደ ሶ ይሂድ። ቀጥሎ ሶፕራኖ ሶ ላይ ይቁምና አልቶ ከዶ ወደ ሬና ሚ ይንቀሳቀስ። በመጨረሻ ክፍል ይለዋወጡ። ይህን መለዋወጥ አትዝለለው፤ አልቶዎቹ የሶፕራኖን ዜማ ራሳቸው ሲዘምሩት ነው ከራሳቸው መለየት የሚችሉት።

በየልምምዱ 5 ደቂቃ ይበቃል፤ ወደ መዝሙሩ ከዚያ በኋላ ግባ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፦ ኪቦርዱ የአልቶን ዜማ አብሮ አይጫወት። መነሻ ድምፅ ሰጥቶ ዝም ይበል። አለዚያ የሚከተሉት ኪቦርዱን እንጂ እርስ በርስ አይደማመጡም። የኪቦርድ የዶና ሚ ርቀት ከተፈጥሯዊው በ14 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ አንድ መቶኛ ነው) ገደማ ስለሚሰፋም ሕብሩ አይጠራም። ኮዳይም እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው የሁለት ድምፅ መልመጃ መዘምራንን በፒያኖ ማስተካከልን የተቃወመው በዚሁ ምክንያት ነው።