ኦሪጅናሉን አትንኩት

ልጆቼ፣

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ፣ በር ልዘጋ ስል፣ አንድ ወጣት ፎቶ ቤቴ ገባ። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። ስልኩን ዘረጋልኝና «ጋሼ፣ ይቺን ለነገ ጠዋት ያሳድጉልኝ። እናቴ ናት» አለኝ። ለቀብር ነበር።

ፎቶው ቆንጆ ነው። እናቱ ነጠላቸውን ተከናንበው ረከቦቱ ፊት ተቀምጠዋል። ፈገግ ሊሉ ሲሉ ነው የተነሱት። ቤተሰቡ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ፍሬም ገዝቶ ጨርሷል። ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ልኩን አየሁ፤ 1280 በ853 ፒክስል። ፒክስል ማለት ፎቶው የተሠራባት አንዷ ትንሽ የቀለም ነጥብ ናት። በቴሌግራም ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ሲሻገር የከረመ ነው። 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ለአንድ ሴንቲ ሜትር የሚደርሰው 32 ፒክስል ብቻ ነው። ጥርት ያለ ህትመት ወደ 118 ይፈልጋል።

ጠጋ ብዬ ሳየው የነጠላው ጥለት የለም። ክሩ ተጨፍልቆ ትንንሽ አራት ማዕዘን ሆኗል። በዓይናቸው ዳር የነበረው ሽብሽብም ጠፍቷል። «ኦሪጅናሉስ?» አልኩት። ያነሳቸው የአጎቱ ልጅ ነበር፤ እዚያው ቆሞ ደወለለት። ስልኩ ሲሞላበት ትልልቆቹን አጥፍቶ፣ ቴሌግራም ላይ ያሉት ይበቃሉ ብሎ ትቷቸዋል። እንግዲህ ምን ይደረጋል? ፎቶውን አነስ አድርጌ፣ ዙሪያውን ሰፊ ነጭ ጠርዝ ትቼ አተምኩለት። ከዚያ በላይ ማድረግ አልቻልኩም። ልጁ አመስግኖኝ ሄደ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ይህን ደብዳቤም የምጽፍላችሁ በዚያ ምክንያት ነው።

እኔ ሙያውን የጀመርኩት በፊልም ዘመን፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው። ያኔ ደንበኛ የሚወስደው የታተመውን ፎቶ ነው። ፎቶው የሚታተምበት ፊልም፣ ኔጋቲቩ፣ ፖስታ ውስጥ ገብቶ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሰው ከስንት ዓመት በኋላ ቁጥሯን ይዞ ይመጣና እናሳድግለታለን። ሥራውን ያስተማሩኝ ሰው ኔጋቲቭ በጠርዙ እንጂ መሀሉን በጣት አያስነኩም ነበር። ለእናንተ ኔጋቲቭ ማለት ከካሜራው ወይም ከስልኩ የወጣው የመጀመሪያው ፋይል ነው። እሱ አይቆረጥም፤ አይቀነስም፤ በላዩ ላይ ሴቭ አይደረግበትም።

መጠን መቀነስ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። እኔም በየቀኑ እቀንሳለሁ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ የሚያወጣው ፎቶ 6000 በ4000 ነው፤ አንዱ ፋይል 8 ወይም 10 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። የሰርግ ፎቶ 200 ያህል መርጣችሁ እንዳለ ብትልኩ ወደ 2 ጊጋባይት ይጠጋል። ሪያድ ወይም ቤይሩት ያለችው አክስታችሁ ያንን በስልኳ ካርድ ስታወርድ ምን ያህል እንደምትከፍል አስቡት። ስክሪኗ ደግሞ ያን ሁሉ ፒክስል አያሳያትም። ረጅሙን ጎን 2048 ብታደርጉላት ፎቶው ወደ ዘጠነኛ እጅ ይወርዳል፤ እሷ ግን ሙሽራዋን ጥርት አድርጋ ታያለች። ለተቀባዩ ማሰብ ማለት ይሄ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ፎቶውን ኮፒ አድርጉ። ሁለት ፎልደር ይኑራችሁ፤ አንዱ «ኦሪጅናል»፣ ሌላው «የሚላክ»። ልኩን የምትቀይሩት ሁለተኛው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ፎቶ በሚስተካከልባቸው ፕሮግራሞች፣ በፎቶሾፕም በጂምፕም፣ ልክ መቀየሪያው ላይ ወርዱንና ቁመቱን የምታያይዝ ትንሽ ሰንሰለት አለች። እንደተያያዘች ተዉአት። አንዱን ጎን ስትጽፉ ሌላውን ራሷ ታስተካክላለች። ሰንሰለቷ ከተፈታ ቀጭኗ ሙሽራ ትሰፋለች፤ ከዚያ ቅሬታው አያልቅም። የተለጠጠ ፎቶ መሆኑን ለማወቅ ክብ ነገር ፈልጉበት፤ ከላይ የተነሳ ድፎ ዳቦ ወይም ከፊት ለፊት የተነሳ የመኪና ጎማ። ድፎው እንቁላል ከመሰለ ሥራው እንደገና ነው።

ለአንድ ኢንች 72 ፒክስል ይሁን ወይስ 300 የሚለውን ክርክር ለስክሪን ከሆነ እርሱት። እሱ ቁጥር ለአታሚ የተጻፈ ማስታወሻ ነው። ስክሪን የሚቆጥረው ፒክስሉን ብቻ ነው።

ፎቶ ሲቀነስ ትንሽ መለስለሱ አይቀርም። ስለዚህ ሻርፕ የሚደረገው፣ ማለትም ጠርዙ ጥርት እንዲል የሚደረገው፣ መጨረሻ ላይ፣ ልኩ ከተቀየረ በኋላ ነው። የተቀነሰውን ፎቶ ስክሪን ላይ 100% አድርጋችሁ የሙሽራዋን ዓይን፣ ጥልፉን ተመልከቱ። በጸጉሯ ጠርዝ ነጭ መስመር ብቅ ካለ አብዝታችኋል፤ ቀንሱት። ሴቭ ስታደርጉ ጥራቱ ከ100 80 ወይም 85 ላይ ቢሆን ለስልክ ይበቃል።

ጄፔግን፣ አብዛኛው ፎቶ የሚቀመጥበትን የፋይል ዓይነት፣ ግን እወቁት። ፎቶውን የሚያሳንሰው 8 በ8 ፒክስል እያደረገ በመከፋፈል፣ ዓይን አያስተውለውም ያለውን ዝርዝር በመጣል ነው። ያ የነጠላ ጥለት ላይ ያየሁት አራት ማዕዘን የመጣው ከዚያ ነው። አስተካክላችሁ ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር እንደገና ይጥላል። የመታወቂያ ፎቶ ኮፒን መልሶ ፎቶ ኮፒ እንደማድረግ ነው፤ በአራተኛው ላይ ፊቱ አይለይም። ለዚህ ነው ሁልጊዜ ከኦሪጅናሉ ጀምሩ የምለው። የሚለጠፈውን ከኦሪጅናሉ፣ የሚታተመውንም ከኦሪጅናሉ አውጡ። የተቀነሰውን እንደገና አትቀንሱ።

አንዴ የተጣለ ፒክስልም አይመለስም። መልሳችሁ ስታሳድጉት ኮምፒውተሩ ክፍተቱን ከጎረቤቱ ቀለም እየገመተ ይሞላል። አሁን የመጡት የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራሞች ደግሞ ሽፋሽፍትና ጥርስ ሠርተው ይሰጧችኋል። ያን ምሽት ልጁ «እሱን ቢሞክሩልኝስ?» ብሎኝ ነበር። ሞከርኩ። ጥርት ያለች ሴት ወጣች። ልጁ ለረጅም ጊዜ አይቷት «ይቺ እናቴ አይደለችም» አለኝና አጠፋነው።

ቴሌግራምም ዋትስአፕም ፎቶን በተለመደው መንገድ ስትልኩ ራሳቸው ይቀንሱታል። ለጨዋታ፣ ለሰላምታ፣ ለዕለት ወሬ ደህና ነው። ለህትመት ወይም ለማስቀመጥ ከሆነ ግን ቴሌግራም ላይ «ፋይል»፣ ዋትስአፕ ላይ «ዶክመንት» ብላችሁ ላኩ፤ እንዳለ ይደርሳል። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። እንዳለ የተላከ ፋይል በውስጡ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት፣ የስልኩ ጂፒኤስ ክፍት ከነበረ ደግሞ የተነሳበትን ቦታ ይዞ ይሄዳል። ቤታችሁ የተነሳ የልጅ ፎቶ ለማታውቁት ሰው በፋይል አትላኩ። ልትለጥፉት ከሆነም የቦታውን መረጃ መጀመሪያ አጥፉ።

ማከማቻን በተመለከተ ብዙ አልልም። ስልክ ይጠፋል፤ ይሰረቃል፤ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ኦሪጅናሉ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ቢሆን ይመረጣል። ቦታ ጠበበ ብላችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት አሥር ተመሳሳይ ካነሳችሁት ዘጠኙን ደምስሱና የቀረችውን በሙሉ ልኳ አስቀሩ።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር አድርጉልኝ። ስልካችሁን ክፈቱና የእናታችሁን ወይም የአባታችሁን ፎቶ ፈልጉ፤ በጣም የምትወዱትን። ዝርዝር መረጃውን ነክታችሁ ልኩን እዩ። 4000 በ3000 ወይም ወደዚያ የሚጠጋ ካገኛችሁ አሁኑኑ ሌላ ቦታም ገልብጡት። 1280 የሚል ካገኛችሁ ያነሳው ማን እንደነበረ አስታውሱና ደውሉለት። ምናልባት ገና አላጠፋው ይሆናል።