ድሮኗ 249 ግራም፣ ሰርጉ የአክስቴ ልጅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ እቀርጻለሁ። በፌብሩዋሪ የአክስቴ ልጅ ሃዋይ፣ ማዊ ደሴት፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ትሞሸራለች። 40 ሰው ይገኛል። ቪዲዮው ስጦታዬ ነው፣ አምስት ሳንቲም አልቀበልም። 249 ግራም የምትመዝን ድሮን አለችኝ። ከ250 በታች ስለሆነች ፈቃድ አያስፈልግም ብለውኛል። ለሥራዬ ማስታወቂያ የሚሆን ትንሽ ክሊፕም ፔጄ ላይ ለመልቀቅ አስቤያለሁ። ሙሽራዋ ግን «ቪዲዮው የእኔ ነው፣ ሳልፈቅድ አይወጣም» አለች። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያላችሁ! ከድሮኗ ክብደት በፊት «ለሥራዬ ማስታወቂያ» ያሏት ነገር ላይ እናተኩር። ማስታወቂያዋ ባትኖር የዘመድ ጨዋታ ነው ብሎ መከራከር ይቻል ነበር። አሁን ግን አይቻልም።

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) የሚጠይቀው «ተከፍሎሃል ወይ?» ብሎ አይደለም። «ድሮኑን ስታስነሳ ለምን ነበር?» ነው የሚለው። ለመዝናናት ብቻ ካልሆነ ፓርት 107 የሚባለው ደንብ ውስጥ ገቡ ማለት ነው። በነጻ መሥራት አያድንም። ለበጎ አድራጎት ድርጅት በፈቃደኝነት የሚያበር ሰው እንኳ እዚያው ደንብ ውስጥ ሊወድቅ እንደሚችል አስተዳደሩ ራሱ ይናገራል።

የ250 ግራሟ ወሬ ከየት መጣች? ለመዝናናት የሚያበሩ ሰዎች ከዚያ በታች ከሆነ ድሮናቸውን አያስመዘግቡም። አለቀ፣ ይኸው ነው። ለእርስዎ ግን ቀላልም ይሁን ከባድ ይመዘገባል፤ 5 ዶላር ነው፣ ለ3 ዓመት ያገለግላል። የአብራሪነት ፈቃዱ 60 ጥያቄ ያለው ፈተና አለው፣ ክፍያው 175 ዶላር፣ ማለፊያው 70 ከመቶ። ካለፉ በኋላም የደኅንነት ማጣሪያ ስላለ ለመጨረሻው ሳምንት አይተዉት። ያለ ፈቃድ ያበረረ ሰው ለአንድ ጥፋት እስከ 75,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ሁሉም ይህን ያህል ይቀጣል ማለቴ አይደለም፤ ግን ለአንድ ክሊፕ የሚያስቆጭ ገንዘብ ነው።

ፈቃድ ያዙ እንበል። ሙሽሮቹ ቀለበት ሲያደርጉ ድሮኗ ከእንግዶቹ አናት በላይ ቀስ እያለች ትወጣለች፤ ሁሉም የሚወዳት ሾት ናት። ችግሩም እዚያ ነው። ትንሽ ድሮን ያለ ተጨማሪ ማረጋገጫ ሰው አናት ላይ መብረር የምትችለው ክብደቷ 250 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ፣ ቆዳ ሊቆርጥ የሚችል የተጋለጠ ክንፍም ከሌላት ነው። የእርስዎ ክንፎች የተጋለጡ ከሆኑ መከለያ ይገጥማሉ። መከለያው ሲገጠም 249 የነበረችው ከልኩ ታልፋለች! በተሰበሰበ ሰው አናት ላይ ለመቆየት ደግሞ ማንነቷን በሬዲዮ የምታሰራጭበት ሪሞት አይዲ የግድ ነው። ሙሽሮቹም ቢሆኑ የበረራ ቡድን አባል ስላልሆኑ «እነሱ ፈቅደዋል» አያዋጣም።

እንግዲያው ከባሕሩ በኩል ሆኜ በጎን እቀርጻለሁ ይሉ ይሆናል። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ብቻ ከድጡ ወደ ማጡ እንዳይሆን። ፌብሩዋሪ በማዊ የሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች ወቅት ነው። በሃዋይ ባሕር ማንኛውም በራሪ፣ ድሮንም ጭምር፣ ከእነሱ 1,000 ጫማ መራቅ አለበት። ድሮን በመደበኛው ከ400 ጫማ በላይ ስለማይወጣ በሕጋዊ መንገድ ከአናታቸው በላይ መሆን አይቻልም ማለት ነው። ጅራቷ ከውሃ ብቅ ስትል እጅ ያሳክካል፣ አውቃለሁ። ይተዋት።

ዳርቻው ራሱስ? ማዊ ላይ ተከፍሏቸው የሚሠሩ ሰዎች ባሉበት ሰርግ የግዛቱ የመሬት መሥሪያ ቤት «ዊኪ» የሚባል ፈቃድ ይጠይቃል፣ ኢንሹራንስም ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ የሰርጉ አዘጋጅ ያወጣዋል፤ ወረቀቱን በዓይንዎ ይዩት። ቦታው የግዛት ፓርክ ከሆነ ደግሞ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን አይነሳም።

አሁን ወደ ሙሽራዋ። ሁለታችሁም በከፊል ልክ ናችሁ። የቅጂ መብቱ የቀራጩ ነው፤ በጽሑፍ ፈርመው ካላስተላለፉ በቀር የእርስዎ ሆኖ ይቆያል። የእሷ ፊት ግን የእርስዎ አይደለም። በሃዋይ ሕግ የሰውን መልክ ለንግድ ለመጠቀም የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ማስታወቂያው ያለ ሙሽሮቹ ፊርማ አይወጣም። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፦ የትኛው ክሊፕ፣ የት፣ እስከ መቼ። ሳይፈራረሙ ወደ ማዊ አይሂዱ፤ ከሰርግ በኋላ የዘመድ ይሉኝታ ይገባበታል። ከክሊፑ ሥር የሚያስገቡት ዘፈን ደግሞ የባለመብቶቹን ፈቃድ ይፈልጋል።

ለፈተናው ጊዜ ካጠረ፣ ማዊ ላይ ፈቃድ ያለው አብራሪ ለአንድ ሰዓት ይቅጠሩ። እሱ አጠገብዎ ቆሞ ወዲያው መቆጣጠሪያውን መንጠቅ በሚችልበት ሁኔታ እርስዎም መያዝ ይችላሉ፤ ድሮኗ ግን መመዝገቧ አይቀርም። እሱ ራሱ ካበረረና ከቀረጸ ግን ያ ቀረጻ የእሱ ነው። ስለዚህ እርስዎም እሱን ማስፈረምዎን አይርሱ።