ቱርቦው ከመቀየሩ በፊት

ጥያቄ፦ መኪናዬ ቱርቦ ያላት ናፍጣ ናት። ሜዳ ላይ ደህና ትሄዳለች፤ ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ ግን በድንገት ጉልበት ታጣና የሞተር መብራት ይበራል። አጥፍቼ ሳስነሳት ይስተካከላል። የኮምፒውተር ምርመራው ፒ0234 የሚል ኮድ አወጣ። መካኒኩ «ቱርቦው ይቀየር» ይላል። ልቀይረው?

መልስ፦ ገና አይቀይሩት። ይህ ኮድ የሚወጣው ቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚገፋው አየር ግፊት ኮምፒውተሩ ካዘዘው በላይ ሲወጣ ነው። ሞተሩ እንዳይጎዳ ነዳጅ ይቀነሳል፤ ጉልበት የሚያሳጣዎትም ይኸው ነው። የደከመ ቱርቦ ከልክ በላይ አይገፋም። ስለዚህ መፈተሽ ያለበት መጀመሪያ ግፊቱን የሚገታው ክፍል ነው።

በአብዛኞቹ የዘመኑ ናፍጣ ሞተሮች ይህን ሥራ የሚሠሩት በተርባይኑ (በተቃጠለው ጋዝ በሚሽከረከረው የቱርቦ ጎማ) ዙሪያ የተደረደሩ ተንቀሳቃሽ ክንፎች ናቸው። መተላለፊያውን ሲያጠቡት የተቃጠለው ጋዝ ፈጥኖ ተርባይኑን ይመታል፣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሲከፍቱት ይቀንሳል። ክንፎቹን በዘንግ የሚያንቀሳቅሰው አክቹዌተር ብዙ ጊዜ በቫኪዩም (በአየር መሳብ) ይሠራል፦ ቫኪዩም ሲደርሰው ያጠባል፣ ሲለቀቅ ሞላው ይከፍታል። ክንፎቹ በጥላሸት ተይዘው እንደጠበቡ ከቀሩ፣ ጭነት ሲበዛና ዙር ሲጨምር ግፊቱ ከቁጥጥር ይወጣል። ዳገት ላይ የሚብስብዎት ለዚህ ነው።

ለምርመራው ጌጅ ያለው የእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ይበቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ሲበርድ ቀጭኑን ቱቦ ከአክቹዌተሩ ነቅለው ፓምፑን ይግጠሙ፤ ቀስ እያሉ እስከ 0.6 ባር ይሳቡ። ዘንጉ ሳይቆራረጥ መሄድ አለበት። እዚያው ይዘው አንድ ደቂቃ ጌጁን ይመልከቱ፤ ቫኪዩሙ ካልቆየ ዲያፍራሙ (በአክቹዌተሩ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን) ያስተነፍሳል። ከዚያ ቀስ ብለው ይልቀቁ፤ ዋናው ምልክት እዚህ ላይ ነው። ዘንጉ መሀል ላይ ቆሞ ቆይቶ በድንገት ዘሎ ከተመለሰ ክንፎቹ እየተያዙ ነው። መፍትሔው ቱርቦውን አውርዶ የተርባይኑን ቤት ከፍቶ ማጽዳት ነው። ሲጸዳ የክንፎቹን ማቆሚያ ብሎን ማንም እንዳይነካ ያስጠንቅቁ፤ ፋብሪካ የአየር ፍሰት ለክቶ ያሰረው ስለሆነ በግምት አይመለስም።

ዘንጉ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ ወደ ሶሌኖይድ ቫልቩ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ትእዛዝ ቫኪዩሙን ወደ አክቹዌተሩ ወደሚያሳልፈው የኤሌክትሪክ ቫልቭ ይሂዱ። አየር የሚያስገባበት ትንሽ ማጣሪያ ሲደፈን ቫኪዩሙ ቶሎ አይለቅም፣ ክንፎቹም ዘግይተው ይከፈታሉ። አክቹዌተሩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ የፓምፑ ፍተሻ አያገለግልም፤ በምርመራ ማሽን እያዘዙ እንቅስቃሴውን ማየት ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ቤንዚን ነው። የዌስትጌቱን ዘንግ ትንሽ ባሳጥረው ጉልበት ይጨምራል ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ግፊት ይጨምራል፤ ግን አይሞክሩት። ዘንጉ ሲያጥር የአክቹዌተሩ ሞላ ይወጠራል፣ ዌስትጌቱም፣ ማለትም ጋዙን ከተርባይኑ ውጭ የሚያሳልፈው በር፣ ዘግይቶ ይከፈታል። የሞላው ጥንካሬ ዝቅተኛውን ግፊት ይወስናል፤ ሶሌኖይዱ ከዚያ በላይ ማሳደግ እንጂ ከዚያ በታች ማውረድ አይችልም። ስለዚህ ዘንጉን ያጠበቀ ሰው ኮምፒውተሩ የሚቀንስበትን መንገድ ዘጋበት ማለት ነው። ቤንዚን ሞተር ላይ ትርፉ ግፊት ኖኪንግ (ነዳጁ ያለአግባብ በራሱ የሚፈነዳበት ማንኳኳት) ያመጣል፤ ሲደጋገም ፒስተን ይሰብራል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ያቃጥላል። ከኮምፕረሰሩ (አየሩን ከሚጨምቀው የቱርቦ ክፍል) በግፊት ወደሚሠራው የዌስትጌት አክቹዌተር የሚሄደው ቀጭን ቱቦ ሲቀደድ ወይም ሲወልቅም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፦ አክቹዌተሩ ግፊቱን ስለማያገኝ በሩ አይከፈትም። ቱቦውን አጠፍ አድርገው ስንጥቅ ይፈልጉ፤ ጫፉ ላይ ከደረቀ ይቀይሩት።

ጥያቄ፦ የምርመራ ማሽኑ 1.8 ባር ይላል፣ ዳሽቦርድ ላይ ያስገጠምኩት ጌጅ ደግሞ 0.8። የትኛው ተሳስቷል?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። ማሽኑ የከባቢ አየሩን ግፊት ጨምሮ ያነባል፤ ጌጁ ከዚያ በላይ ያለውን ብቻ። ሞተሩን አጥፍተው ቁልፉን ብቻ ሲከፍቱ ማሽኑ በባሕር ጠለል አካባቢ 1 ባር ገደማ ያሳያል፤ ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል። የቱርቦውን ግፊት ለማወቅ ያንን ቁጥር ይቀንሱ።