ከ5 ወር በኋላ የአበባ ሱቄን ስከፍት፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ቡራዩ ውስጥ፣ ከአስኮ ወደ ሆለታ በሚወስደው አስፋልት ዳር ትንሽ የአበባ ሱቅ አለችኝ። 9 ዓመት ሠርቼባታለሁ። ኅዳር ላይ እናቴን ስትሮክ መታትና ሱቋን 5 ወር ሙሉ ዘጋኋት። የከፈትኩት ፋሲካ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሱቃቸው ተዘግቶ የከረመባቸው ብዙ ሰዎች ጥያቄ ላኩልኝ። አብዛኞቹ አበባ ሻጮች ናቸው። ጸጉር ቤትና ዳቦ ቤት ያላቸውም አሉ። ጥያቄዎቹን አስፍሬ በማውቀው ልክ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አያት አካባቢ አበባ ቤት አለችኝ። ከወለድኩ ጀምሮ 3 ወር ተዘግታለች። የመክፈቻው ቀን ምን ላድርግ? ደመቅ ያለ ዝግጅት ያስፈልጋል ወይ?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ድንኳንና ሙዚቃ አያስፈልግሽም። ስልክሽን አንሺ።

እኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ከመክፈቴ 3 ቀን ቀደም ብዬ የትዕዛዝ ደብተሬን አወጣሁ። ማን ምን እንዳዘዘና ለምን እንዳዘዘ የምጽፍበት ደብተር ነው። ከአንድ ጊዜ በላይ የገዙኝን 34 ሰዎች ለየሁና አንድ በአንድ ደወልኩ። የጽሑፍ መልእክት አልላክሁም። «እናቴ ታማብኝ ነበር፣ አሁን ተሽሏታል፣ ሰኞ እከፍታለሁ፣ ብቅ ብላችሁ ሰላም በሉኝ» አልኳቸው። ግዙኝ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።

ሰኞ ጠዋት ቀጤማ ጎዘጎዝኩ፣ ቡና አቀራረብኩ። በሩ ላይ ሁለት ባልዲ ጽጌረዳ አቆምኩ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ነጭ። መጀመሪያ የገቡት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። አበባውን ሳያዩ «እናትሽ አፏን ፈታች?» ብለው ጠየቁኝ። እንባዬን መያዝ አቃተኝ። በዚያ ሳምንት ከ34ቱ 19ኙ መጡ። አንዳንዶቹ ምንም አልገዙም፤ ቡና ጠጥተው ሄዱ። በኋላ ግን ተመልሰው መጡ።

አንድ ነገር ደግሞ ያኔ ነው የገባኝ። እኔ ሆስፒታል ለሆስፒታል ስል ሰፈሩ ውስጥ «ሱቋን ሸጣ ዐረብ አገር ገባች» ተብሎልኛል። ሰው ምክንያቱን ካልነገርሽው ራሱ ምክንያት ይፈልግልሻል። በሩ ላይ ሁለት መስመር ወረቀት ለጥፌ ብሄድ ኖሮ ይህ ሁሉ አይወራም ነበር። የምትዘጉ ካላችሁ ይቺን ወረቀት እባካችሁ አትርሱ።

ጥያቄ፦ ዱቤ የወሰዱ ሰዎች ሱቄን ሲያዩ መንገድ እየተሻገሩ ያልፋሉ። ገንዘቡን ልጠይቅ ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው የነካኸው። ከዘጋህ በኋላ ቶሎ የሚጠፋብህ ደንበኛ ባለዕዳው ነው። ጠልቶህ አይደለም፣ አፍሮ ነው። ቆይታው ሲረዝም ሐፍረቱም አብሮ ይረዝማል።

እኔ ዱቤ የነበረባቸው 7 ሰዎች ነበሩ። መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ትንፍሽ አላልኩም። አንዱ ጎረምሳ ለእጮኛው የወሰደው እቅፍ አበባ ነበረበት። ታክሲ ተራው ጋ ስንገናኝ ዓይኑን ሰበረ። እኔ ቀድሜ «እንዴት ነች ልጅቷ?» አልኩት። ሳቀ። በማግስቱ ግማሹን በቴሌብር ላከልኝ፣ ቀሪውን በወሩ። ከ7ቱ 5ቱ ከፍለዋል። ሁለቱን ትቼዋለሁ፣ ሰላምታቸውን ግን አልተውኩም። ገንዘቡ ትልቅ ከሆነ ለብቻ ጠርተህ በግልጽ ተነጋገር። ሰው ፊት ግን በፍጹም።

ጥያቄ፦ ከመዘጋቴ በፊት ከሙሽሮች ቀብድ ተቀብዬ ነበር። ሠርጋቸው አለፈ። አሁን በምን ፊት ላግኛቸው?

መልስ፦ ይህ የእኔም ቁስል ነው። ጥር የእኛ መኸር ነው። ጥምቀት ሲያልፍ ሠርጉ ይደራረባል፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሁሉም ይሯሯጣል። እኔ ለጥር የ3 ሙሽሮች ቀብድ ይዤ ነበር። ለሁለቱ እናቴ በታመመች በሳምንቱ ደውዬ ገንዘባቸውን መለስኩ፣ ሌላ ዴኮር የሚሠራ ሰውም አገናኘኋቸው። ሦስተኛዋን ረሳኋት። ረሳሁ ስል በእውነት ረስቼ ነው፤ ደብተሩን ሱቅ ውስጥ ቆልፌበት ነበር። የሙሽራይቱ እናት ሠርጉ 9 ቀን ሲቀረው በሬ ላይ መጥተው ቆልፉን አይተው ተመለሱ።

ስከፍት ሳልደውል ቤታቸው ሄድኩ። ቀብዱን በፖስታ፣ አንድ እቅፍ ነጭ ጽጌረዳም ይዤ። እትዬ ተቆጡኝ። «ልጄን መሳቂያ ልታደርጊያት ነበር» አሉኝ። ልክ ናቸው። ስለ እናቴ ሕመም የተናገርኩት ተቆጥተው ከጨረሱ በኋላ ነው። ምክንያት ከይቅርታ ከቀደመ ማስተባበያ ይመስላል። ያን ቀን ሻይ እንኳ አልቀረበልኝም። በሰኔ ግን ትንሹ ልጃቸው ሲመረቅ የምርቃት አበባውን ያዘዙት ከእኔ ነው። አንቺም ሂጂ። በአካል ሂጂ፣ ገንዘቡን አስቀድመሽ አስረክቢ፣ ከዚያ የሚሉሽን ስሚ።

ጥያቄ፦ ቅናሽ ልለጥፍ? 30 በመቶ ብዬ?

መልስ፦ እኔ አልለጠፍኩም፣ አልመክርምም። አበባ ዛሬ ቀንሰሽ ከሸጥሽው በሚቀጥለው ወር እውነተኛ ዋጋሽ ውድ መስሎ ይታያል። የእኛ ሰው የሚያውቀው ምርቃት ነው። 10 ዘንግ ለገዛ 2 መርቂለት። ዋጋሽ አልተነካም፣ ደንበኛሽም ደስ ብሎት ይወጣል። ከምርቃቱ ጋር ግን የጠወለገ አታስገቢ። ሰው የሚያስታውሰው ያቺኑ የጠወለገችውን ነው።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያው ሳምንት ስንት ላስገባ? ሱቁ ሞልቶ ካልታየ ሰው ይገባል ወይ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፤ ብዙ ሰው ሲወድቅ ያየሁት እዚህ ነው።

ሱቁ እንዲሞላ ብለሽ አታስገቢ። ድሮ በሳምንት ሁለት ጊዜ 200 ዘንግ ጽጌረዳ አወርድ ነበር። ስመለስ በአንዴ 80 ብቻ፣ ግን በሳምንት ሦስት ጊዜ አስገባሁ። ባዶ ባልዲዎቹን ጓዳ ከተትኳቸው። የተመለሰ ደንበኛ የመጀመሪያው አበባ በሁለተኛው ቀን አንገቱን ከደፋበት ሌላ ዕድል አይሰጥሽም። በደህና ቀን የሚያልፍልሽ ስሕተት አሁን አያልፍልሽም።

ስትረከቢ እንቡጡን ከታች፣ ከአረንጓዴው ቅጠል ከፍ ብሎ ያለውን ቦታ፣ በሁለት ጣትሽ ቀስ አድርገሽ ጫን በይው። ጠንከር ካለ ትኩስ ነው። እንደ ስፖንጅ ከገባልሽ ከርሟል። የውጭዎቹ የአበባ ቅጠሎች ተለቅመው ከሆነም ጠርጥሪ፤ ያረጀ አበባ ወጣት የሚመስለው እንዲያ ነው።

ቀጥሎ ባልዲው። ለወራት የተቀመጠ ባልዲ በሳሙና ይፈተጋል፣ በበረኪና ይለቀለቃል። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ አራግፊ። ቅጠሉ ሲበሰብስ ባክቴሪያ ይራባል፣ ባክቴሪያው ደግሞ ዘንጉ ውስጥ ያለውን የውሃ መንገድ ይደፍናል። ጽጌረዳ አንገቷን ከምትደፋባቸው ምክንያቶች ዋናው ይህ ነው። ዘንጉን ከጫፉ 2 ወይም 3 ሳንቲሜትር በሰያፍ ቁረጪ፣ ስለት ባለው ቢላ። በደነዘ መቀስ ከቆረጥሽው ይጨፈለቃል። ከተቻለ ጫፉን ውሃ ውስጥ እንደነከርሽ ቁረጪው፣ አየር እንዳይስብ። ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ በረኪና ጨምሪና ጥላ ውስጥ ሦስት አራት ሰዓት ሳትነኪው ተዪው። እስኪጠጣ ድረስ አትሽጪ።

ማቀዝቀዣ ላለው ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው ለጽጌረዳ የሚስማማው። እኔ የለኝም። የቡራዩ ሌሊት ብርድ ነው፤ ማታ ባልዲዎቹን በሰሜን በኩል ካለው ግድግዳ ሥር አሰልፋቸዋለሁ። እንዲህ የተያዘ ጽጌረዳ ደንበኛው ቤት ሳምንት፣ አንዳንዴም 10 ቀን ይቆያል፣ ውሃውን በየሁለት ቀኑ ከቀየረለት።

ጥያቄ፦ ካርኔሽን የሚባሉት አበቦቼ አድረው ሲነሱ ኩምትር ብለው ተኝተው አገኛቸዋለሁ። ውሃ አልጎደለባቸውም። ምን ይሆን?

መልስ፦ ጎንህ ፍራፍሬ የሚሸጥ ሰው አለ? እኔን ያጋጠመኝ እሱ ነው። በከፈትኩ በሁለተኛው ሳምንት ከጎኔ ያለው ጁስ ቤት የበሰለ ሙዝ በሳጥን ሙሉ ከጋራ ግድግዳችን ሥር አስቀመጠ። እኔ ደግሞ በዚያው በኩል ካርኔሽኖቹን አቁሜ ነበር። የሚበስል ፍሬ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ካርኔሽን ደግሞ ይህን ጋዝ አይችልም። ተከፍቶ የነበረው አበባ ተመልሶ ይታጠፋል፣ ከታጠፈ በኋላም አይነሳም። ቦታ ቀይር። የጠወለገ አበባም ያንኑ ጋዝ ስለሚያወጣ ትኩሱ መሐል አታሳድረው።

ጥያቄ፦ አበባውን ከየት ነው የምታመጪው? ድሮ የሚያስረክበኝ ልጅ ለሌላ ሱቅ መስጠት ጀምሯል።

መልስ፦ እኔ ከሆለታ በኩል ነው የሚመጣልኝ። ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ያለ አገር ነው። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ጽጌረዳው ቀስ ብሎ ያድጋል፣ እንቡጡም ትልልቅ ይሆናል። አገራችን ከኬንያ ቀጥላ በአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ ናት፤ ጥሩው በቦሌ በኩል በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል። እኛ ሱቆች ጋ በብዛት የሚደርሰው ዘንጉ ያጠረ ወይም ትንሽ እንከን ያለበት ነው። አጭር ዘንግ አያስፈራሽ፣ ትኩስነቱን ብቻ ተቆጣጠሪ።

አስረካቢውን አትቀየሚው። እስክትከፍቺ ባዶ እጁን ሊጠብቅሽ አይችልም። እኔ የሚያስረክበኝን ልጅ «ከምትሰጣቸው ቀንሰህ አትስጠኝ፣ የተረፈህን ለአንድ ወር እወስዳለሁ፣ እጅ በእጅ እከፍላለሁ» አልኩት። በወሩ ወደ ቦታዬ መለሰኝ። የካቲት 7 አካባቢ ከሚውለው የፍቅረኞች ቀን በፊት ባሉት ሳምንታት ግን ለመክፈት አታስቢ። ያኔ ውጭ አገር ሁሉንም ይጠርገዋል፣ እዚህ የሚቀረውም ውድ ነው።

ጥያቄ፦ በተዘጋሁበት ጊዜ ሁለት ደንበኞቼ ሐዘን ደርሶባቸዋል። አሁን ደውዬ «ከፍቻለሁ» ማለት ከበደኝ።

መልስ፦ ልክ ነሽ፣ አትደውዪ። ልቅሶ ድረሺ። ቢዘገይም ይደረሳል። «አልሰማሁም ነበር፣ እግዜር ያጥናችሁ» በይ፣ ትንሽ ተቀመጪ፣ ስለ ሱቅሽ አንድም ቃል አታንሺ። እኔ አንድ ቤት በሄድኩበት ቀን የ40 ተዝካር ሊያደርጉ እየተዘጋጁ ነበር። ለመቃብሩ የአበባ ጉንጉን ሠርቼ በነጋታው ሰጠኋቸው፣ ገንዘብ አልተቀበልኩም። ሟቹ አባት ለዓመታት ለሚስታቸው ልደት የሚገዙኝ ሰው ነበሩ። እኔም ሐዘንተኛ ነበርኩ።

ጥያቄ፦ ንግድ ፈቃዴ ሳይታደስ ከረመ።

መልስ፦ የእድሳቱ ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ካለፈ ቅጣት አለው፤ ከመክፈትህ በፊት ጨርስ። የተዘጋህበትን ጊዜ የሚያሳይ ወረቀት፣ የሕክምናም ቢሆን፣ ይዘህ ሂድ።

ጥያቄ፦ ለመስከረም አደይ አበባ ብሸጥስ?

መልስ፦ አደይ የሜዳ ናት። ተለቅማ ሱቅ እስክትደርስ ትጠወልጋለች። ለበዓል ማጌጫ ጠዋት ለቅሞ ጠዋቱኑ የሚሸጥ ልጅ ካገኘሽ እሺ፣ አለበለዚያ ቀጤማ ይሻልሻል።

ጥያቄ፦ እናትሽስ አሁን እንዴት ናቸው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን። ከሰዓት በኋላ ሱቅ ትመጣለች። ቀኝ እጇ ገና አልታዘዘላትም። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ቅጠል ታራግፋለች፣ ዘንጉን ሁለት ጉልበቷ መሐል አጥብቃ ይዛ። ደንበኛ ሲገባ ከእኔ በፊት እሷን ነው ሰላም የሚለው። ትናንት 40 ዘንግ ጨርሳለች።